እቴጌ ጣይቱ ብጡልና የመጻተኞች ቤት

ለእግዚአብሔር ቤተ መቅደስ ማነጽና ቤት ለሌለው ሰው ማደሪያ መስጠት ሁለት ሥራ ይመስላል እንጂ አንድ ሥራ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በ4ኛው መቶ ዓመት ከከተማው ቅጥር ውጭ ለድኾች፥ ለመንገደኞችና ለሕሙማን ቤት ባሠራ ጊዜ ይህንኑ አስተማረ። በከላላና በመካነ ሰላም ደጋም ነዳዩና የቆሎ ተማሪው ብርድ ሲበረታበት አስቀድሞ የሚያስበው የደብሩን ደጀ ሰላም ነው። ከኢትዮጵያ ነገሥታት ወገን ይህን ነገር በልቡናቸው ይዘው ከሠሩት አንዷ እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። የዐድዋው ሥራቸው በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነውና፥ እዚህ የሚነገረው ስለ መጠለያ የሠሩት ነው።

እቴጌ ጣይቱ ከብጡል ኃይለ ማርያም የተወለዱ፥ ዘራቸውም ከስሜን ገዥዎችና ከየጁው ከራስ ጉግሣ የሚመዘዝ ነበር። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር እምብዛም ያልተለመደ ሳለ፥ እርሳቸው ማንበብና መጻፍ ተምረው አደጉ። ወንድሞቻቸው ወሌና አሉላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ በመቅደላ አምባ ሳሉ ከወጣቱ ከምኒልክ ጋር ወዳጅነት ይዘው ነበር። እንግዲህ እቴጌዪቱን ከሸዋው ንጉሥ ጋር ያገናኘው መንገድ በዚሁ በወሎ ምድር የተጀመረ ነው ማለት ይቻላል።

በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በቍርባን ተጋቡ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃው ወርደው ሳለ ቦታው ደስ ስላሰኛቸው በዚያ ቤት እንዲሠራላቸው ለመኑ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። ከዚያም መኳንንቱ ሁሉ በየፊናው ቦታ እየተመራ ሰፈረ፤ ከተማዪቱም እንዲህ ተመሠረተች። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ባላቸው ንጉሠ ነገሥት ተብለው በእንጦጦ ማርያም በነገሡ በሁለተኛው ቀን እርሳቸው እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

ነገር ግን ዘውዱ የተጫነው በክፉ ቀን ነበር። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ ወገን የገባው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ፥ እንደሚገመተው ከመቶው ከብት ዘጠናውን ፈጀ፤ ድርቅ፥ አንበጣና ተምችም ተከተሉት። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ስላልቻለ ቤቱን ዘግቶ ተሰደደ፤ የወሎም ሕዝብ ከዚህ መከራ አላመለጠም። እህል ይገኛል ሲባል ከየአገሩ የተሰደደው ሕዝብ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱም ጎተራቸውን ከፍተው እህል አደሉ፤ ዐፄ ምኒልክም መኳንንቱ ሥራ እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቈፈሩ። ሰው ከቤቱ የሚፈናቀለው በስንፍናው ብቻ እንዳልሆነ፥ ትናንት ባለ ጎጆ የነበረው ዛሬ መጻተኛ ሊሆን እንደሚችል በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ በዓይኑ አየ።

ከአገር ርቀው ማደሪያ ያጡ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በኢየሩሳሌም ነበሩ። መነኮሳቱና ተሳላሚዎቹ ከወሎ፥ ከጎጃም፥ ከትግሬና ከሸዋ በእግራቸው ወጥተው፥ በረሓውንና ባሕሩን አልፈው ቅድስት ከተማን ያዩ ነበር። ማረፊያቸውም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ያለው ዴር ሥልጣን ነበረ። በ1830 ዓ.ም. ግን ቸነፈር ገብቶ መነኮሳቱን ፈጀ፤ መጻሕፍቶቻቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ፤ የቦታውም ቁልፍ በሌላ እጅ ገባ። ማስረጃውም ሰውም በአንድ ዘመን ስለ ጠፉ፥ ከዚያ በኋላ የመጡት መነኮሳት በገዛ ቤታቸው እንደ እንግዳ ተቈጠሩ። ዛሬም ቢሆን በቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ ላይ በትንንሽ የጭቃ ጎጆዎች ይኖራሉ።

ይህን ችግር ለማቃለል ዐፄ ዮሐንስ ከከተማው ቅጥር ውጭ ቦታ አስገዝተው በ1874 ዓ.ም. የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን አስጀመሩ፤ ዐፄ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. አስፈጸሙት። በዙሪያውም መነኮሳት የሚኖሩባቸው ቤቶች ተሠሩ። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጨረሻ ደጃዝማች መሸሻ ወርቄን ልከው ስለ ዴር ሥልጣን መብት አስከራከሩ፤ ክርክሩ ግን በቶሎ የሚያልቅ አልሆነም።

እቴጌ ጣይቱ በዚህ ጊዜ ያሰቡት ሐሳብ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የተራበ መነኩሴ የዕለት ምጽዋት ቢሰጡት ነገ ደግሞ ይራባል፤ በሌላ ሰው ቤት የሚያድርም ባለቤቱ ሲጨክን በሌሊት ይወጣል። ስለዚህ እቴጌዪቱ በኢየሩሳሌም በስማቸው ቤት አሠሩ። የቤቱ ኪራይ ለማኅበሩ ስንቅ እንዲሆን፥ ማኅበሩም በልመና ብቻ እንዳይኖር አደረጉ። ሌሎችም የኢትዮጵያ መሳፍንትና ወይዛዝርት ይህን አብነት ተከትለው በዚያው ሰፈር ቤት ስላሠሩ፥ መንገዱ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገድ ተብሎ ይጠራል። በአዲስ አበባም እቴጌዪቱ የመጀመሪያውን ሆቴል ከፍተው ነበር፤ ያ ግን ገንዘብ ላለው እንግዳ ነበረ። የኢየሩሳሌሙ ቤት የቆመው መክፈል ለማይችለው መነኩሴ ነው።

ዓለም ግን ለማንም ቤት አይሆንምና፥ የእቴጌዪቱም ነገር ተለወጠ። ዐፄ ምኒልክ በበሽታ ሲደክሙ መንግሥቱን ይመሩ ነበር፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ ተስማምተው ከሥልጣን አገለሏቸው። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲያርፉ ከቤተ መንግሥቱ ወጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ሄዱ። ከተማ የመሠረቱት እመቤት ራሳቸው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተጠጊ ሆኑ። በኋላም የቀረ ዕድሜያቸውን በጎንደር ይፈጽሙ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱን ቢለምኑ አልተፈቀደላቸውም። በጾምና በጸሎት ተወስነው ቆይተው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በዚያውም ተቀበሩ። በኋላም ዐፅማቸው ፈልሶ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ከባላቸው አጠገብ ዐረፈ።

እንግዲህ የዚህች እመቤት ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምራል። መጀመሪያው፥ ማደሪያን የሚያህል ምጽዋት ለአንድ ሌሊት ብቻ ታስቦ መሰጠት እንደማይገባው ነው፤ ቤት ሲሠራ የሚጠበቅበት ገቢና የሚያስተዳድረው ማኅበር አብሮ ሊታሰብለት ይገባል። ሁለተኛው፥ ዛሬ በር የሚከፍት ነገ በር ሊያንኳኳ እንደሚችል ነው። እቴጌ ጣይቱ በበረቱበት ቀን ለመጻተኛ ቤት አሰቡ፤ በደከሙበትም ቀን የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተቀበለቻቸው።

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ የዕዳ መፍቻና ወደ ርስት መመለሻ ዓመት ነበረ፤ መሬቱን ያጣው ድኻ በዚያ ዓመት ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ስለዚህ የደብር ኢዮቤልዩ ሲከበር የሚቈጠረው የታደሰው ጣራና የተሠራው ደወል ብቻ አይደለም። በደጀ ሰላሙ ብርድ የሚመታው ነዳይ፥ ጎጆው የፈረሰባት መበለት፥ ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ከካህናቱና ከምእመናኑ ያገኙት ማደሪያም አብሮ ይቈጠራል። የደጋጎቹን ሥራ የተቀበለ አምላክ የዚህንም ደብር ሥራ ይቀበል፤ ቤት ላጡት ሁሉ ማደሪያ ይስጥልን። አሜን።