ሼኽ ሁሴን (ባሌ)

ሼኽ ሁሴን፣ ብዙ ጊዜ ሼኽ ኑር ሁሴን ተብለው የሚጠሩት፣ በ12ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባሌ የኖሩ የእስልምና አስተማሪ ሲሆኑ በብዙ ሕዝብ ዘንድ እንደ ወሊይ ይከበራሉ። ታሪካቸው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው ከመጽሐፍ ይልቅ በዜማ ነው። ለእርሳቸው የሚዜመው የኦሮምኛ ውዳሴ «ባህሮ» ይባላል።

ሕይወት

በአፈ ታሪክ መሠረት ሼኽ ሁሴን የተወለዱት አናጂና በተባለ ስፍራ ነው። ቦታው ዛሬ በስማቸው ድሬ ሼኽ ሁሴን ተብሎ ይጠራል። ሮቤና ጎባ ካሉበት ብርዳማ ደጋ በስተሰሜን ምሥራቅ ርቆ፣ ወደ ዋቢ ሸበሌ በሚያዘቀዝቀው ቆላ ይገኛል። አንዳንዱ ትውፊት የዘር ሐረጋቸውን ከዐረብ አገር ይመዛል፤ ሌላው ደግሞ በሶማሊያ ጠረፍ ካለችው ከመርካ ጋር ያገናኛቸዋል። የኖሩበት ዘመን የሚሰላውም ከትውልድ ቆጠራ ስለሆነ ቁርጥ ያለ ዓመት መስጠት አይቻልም።

እስልምናን በባሌ ያስፋፉ እርሳቸው እንደሆኑ ይነገራል። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ ሰንጥቆት የሚያልፈው፣ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ስሙን ያገኘው ከሶፍ ዑመር ነው፤ ትውፊት እኚህን ሰው ከሼኽ ሁሴን ጋር አያይዞ ያነሣቸዋል። ስለ ሼኹ ተአምራት (ከራማት) የሚተርከው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ በካይሮ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው፤ ይህም ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

ባህሮ

ባህሮን መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። የወሎን መንዙማ የሚያውቅ ሰው መንፈሱን በቀላሉ ይረዳዋል። ይዘቱ ውዳሴና ልመና ነው፦ ዝናብ፣ ልጅ፣ ጤና፣ ለከብት በረከት ይለመንበታል። ዐረብኛ ለማያውቀው አርሶ አደርና ከብት አርቢ ሃይማኖቱን በገዛ ቋንቋው ያገኘበት መንገድም ነበር።

ባህሮን በጥልቀት ካጠኑት አንዱ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፖላንዳዊው የቋንቋ ሊቅ ቦጉሚል አንድርዜየቭስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጥናት ያተኮረው ግጥሞቹ በጥቆማ በሚናገሩበት መንገድ ላይ ነው። ባህሮ ተአምሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይተርክም፤ በሁለት በሦስት ቃል ጠቁሞ ያልፋል፤ የቀረውን አድማጩ ከልቡ ይሞላል። ነገሩ ከአማርኛው ሰምና ወርቅ ይለያል፤ በሰምና ወርቅ የተሰወረው የቃሉ ሁለተኛ ፍቺ ነው፣ በባህሮ ግን ታሪኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ተረኩን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሲያልፉ ዜማው ቢቀር እንኳ ትርጉሙ ግማሽ ይሆናል።

ባህሮ በብዛት የሚሰማው በዚያራ ጊዜ ነው። ተሳላሚዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ይጓዛሉ፤ አንዱ ጉዞ ከአረፋ (ዒድ አል-አድሐ) በዓል ጋር የተያያዘ ነው። ጫፉ ባላ የሆነ ዱላ ይዘው፣ እያዜሙ፣ መንገድ ላይ ምጽዋት እየተቀበሉ ይሄዳሉ። አጥኚዎች ይህን ልማድ ኦሮሞዎች ከእስልምና በፊት ወደ አባ ሙዳ ያደርጉት ከነበረው ጉዞ ጋር ያነጻጽሩታል። ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ሙስሊሞች ሌላ ክርስቲያኖችም ይሳተፋሉ። በሶማሊዎች ዘንድም ለሼኹ የሚቀርብ ውዳሴ አለ።

መቃብርና ክርክር

በመቃብራቸው ላይ ያለውን ጉልላታማ ሕንፃ ያሠሩት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሐረር አሚር የነበሩት አብዱልሸኩር ናቸው ይባላል። አሜሪካዊው ተጓዥ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ስፍራውን እ.ኤ.አ. በ1894 ጎብኝቶታል። ተሳላሚው ከቦታው ጀዋራ የሚባለውን ነጭ አፈር ለበረከት ይወስዳል።

ዚያራው ግን ሁሉም የሚስማማበት አይደለም። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በሳዑዲ ዐረቢያ ተምረው የተመለሱ ሰባኪዎች ባሌ ውስጥ የሰለፊያን ትምህርት ማስፋፋት ጀመሩ። በእነርሱ አስተያየት ከሞተ ሰው እርዳታ መለመን ከተውሒድ ጋር የሚጋጭ ነው። ዚያራውን የሚወዱት ደግሞ ሼኹን አናመልክም፣ በእርሳቸው በኩል አላህን እንለምናለን ይላሉ። በክርክሩ ሳቢያ ልማዱን የተዉ አሉ፤ አሁንም ዱላቸውን ይዘው እያዜሙ የሚጓዙም አሉ። ድሬ ሼኽ ሁሴን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።