ዊሊያም ባንቲንግ፦ ፍራፍሬን በሚዛን የበሉ የለንደን አዛውንት

ስኳርና ስታርች በቀነሰ አመጋገብ ውስጥ ፍራፍሬ ምን ያህል ቦታ ሊኖረው ይገባል? ይህን ጥያቄ ዛሬ ደጋግመው የሚያነሱት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ያለባቸው ሴቶችና ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ የተዳከመባቸው ሰዎች ናቸው። ጥያቄው አዲስ ቢመስልም ኢንሱሊን የሚለው ስም ገና ሳይታወቅ አንድ የለንደን ነዋሪ በየዕለቱ ገበታቸው ላይ ሲመልሱት ኖረዋል። እኚህ ሰው ዊሊያም ባንቲንግ ይባላሉ።

ባንቲንግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1796 ተወለዱ። ቤተሰባቸው በለንደን የቀብር ሥነ ሥርዓት በማስፈጸም ሥራ ስመ ጥር ነበር። የንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ፣ የንጉሥ ጆርጅ ራብዓዊና የንጉሥ ዊሊያም ራብዓዊ ቀብሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1852 የዌሊንግተን መስፍን፣ በ1861 ደግሞ የንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት የልዑል አልበርት ቀብር የተሰናዳው በዚሁ ድርጅት አማካይነት ነው። በመሆኑም ባንቲንግ በሙያቸው የተከበሩና በኑሯቸው የተደላደሉ ሰው ነበሩ።

ሆኖም ከ30 ዓመት ዕድሜያቸው በኋላ ሰውነታቸው ያለማቋረጥ መወፈር ጀመረ። በወላጆቻቸው ወገን እንዲህ ያለ የውፍረት ዝንባሌ አልነበረም፤ እርሳቸውም ሥራ ፈት ወይም ሆዳም ተብለው የሚወቀሱ አልነበሩም። በየጊዜው ሐኪሞችን አማከሩ። አንድ ሐኪም የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ መከሯቸውና በየማለዳው ለሁለት ሰዓት ያህል ከባድ ጀልባ ይቀዝፉ ጀመር። ጡንቻቸው ጠነከረ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ግን አብሮ ስለጨመረ ክብደታቸው ከመቀነስ ይልቅ ጨመረ። ፈረስ ጋለቡ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ተጓዙ፣ በማዕድን ውኃቸው በታወቁ ከተሞች ሰነበቱ፣ መድኃኒት በብዛት ጠጡ፣ የእንፋሎት መታጠቢያም አዘወተሩ። ይህ ሁሉ ልፋት ያስገኘው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1862 ባንቲንግ 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ቁመታቸው 165 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ 202 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 92 ኪሎ ግራም ይመዝኑ ነበር። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር አይችሉም። የጉልበታቸውንና የቁርጭምጭሚታቸውን መገጣጠሚያ ላለመጉዳት ሲሉ ደረጃ የሚወርዱት ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ደረጃው መልሰው ወደ ኋላ ነበር። እምብርታቸው አካባቢ ሄርኒያ ወጥቶባቸዋል፤ የማየትና የመስማት ኃይላቸውም ደክሟል። በአደባባይ ሲታዩ የሚሰነዘርባቸው ፌዝ ደግሞ የሰው መሰብሰቢያ እንዲሸሹ አድርጓቸው ነበር።

መፍትሔው የመጣው ካልጠበቁት አቅጣጫ ነው። ስለ ጆሯቸው ሊታከሙ ዊሊያም ሃርቪ ወደተባሉ የጆሮ ቀዶ ሐኪም ሄዱ። ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1856 በፓሪስ ክሎድ በርናርድ የተባሉት ታላቅ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ጉበት ስኳር እንደሚያመነጭ ያቀረቡትን ትምህርት ተከታትለው ነበር። ከዚያም በመነሣት ስኳርና ስታርች የበዛበት ምግብ ከስኳር በሽታና ከውፍረት ጋር ስላለው ግንኙነት ሲያሰላስሉ ቆይተዋል። ባንቲንግን ከመረመሩ በኋላ የመስማት ችግራቸው ከውፍረታቸው ጋር የተያያዘ ነው ብለው ደመደሙና ዳቦ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተዉ አዘዟቸው። እነዚህ ደግሞ የባንቲንግ የዘወትር ምግቦች ነበሩ።

ታካሚው ትእዛዙን በጥንቃቄ ፈጸሙ። ቁርሳቸው ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ያለ ወተትና ያለ ስኳር የተዘጋጀ ሻይና 30 ግራም የማይሞላ ደረቅ የተጠበሰ ዳቦ ሆነ። ምሳቸው ዓሣ ወይም ሥጋ ከድንች በስተቀር ከማናቸውም አትክልት ጋር ነበር። በምሽትም ጥቂት ሥጋ ወይም ዓሣ ይመገቡ ነበር።

ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር በዚህ የምግብ ዝርዝር ውስጥ ፍራፍሬ መኖሩ ነው። ባንቲንግ ከሰዓት በኋላ ሻይ ሲጠጡ ከሁለት እስከ ሦስት አውንስ፣ ማለትም ከ57 እስከ 85 ግራም የሚደርስ ፍራፍሬ ከደረቅ ብስኩት ጋር ይበሉ ነበር። በምሳ ሰዓትም ፑዲንግ ከቀረበላቸው ሊጡን ትተው በውስጡ ያለውን ፍራፍሬ ብቻ ያነሡ ነበር። እንግዲህ ፍራፍሬው አልተከለከለም፤ ተመጥኖ ግን ቀርቧል። በኋለኞቹ ዘመናት በባንቲንግ ስም የተሰበኩ አመጋገቦች ፍራፍሬን ጨርሰው ሲያወግዙ መስማት ስለዚህ የሚያስገርም ነው።

የልኬቱ ትርጉም በዛሬው ዕውቀት ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ባንቲንግ የፍራፍሬውን ዓይነት አልወሰኑም፤ ዓይነቱ ግን ልዩነት አለው። 85 ግራም ሙዝ 20 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ሲኖረው፣ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ፖም 12፣ ብርቱካን 10፣ ፓፓያ 9፣ እንጆሪ ደግሞ 7 ግራም ገደማ አላቸው። አቮካዶ ከፍራፍሬ ወገን ቢሆንም ያለው ካርቦሃይድሬት አብዛኛው አሠር ነው። ሙሉ ፍሬ በጥርስ ተላምጦ ሲበላ በውስጡ ያለው አሠር ስኳሩ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ተጨምቆ ሲጠጣ ግን ይህ ጥቅም በአብዛኛው ይጠፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በጭማቂ ውስጥ የሚገኘውን ስኳር ሊቀነስ ከሚገባው ስኳር መድቦ፣ ሙሉ ፍራፍሬን ከዚህ ምድብ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ በጭማቂ ቤት ሦስትና አራት ፍሬ ተጨምቆበት፣ ስኳርም ታክሎበት የሚቀርብ አንድ ብርጭቆ ከባንቲንግ ሦስት አውንስ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሰውነት ኢንሱሊንን የሚቀበልበት ሁኔታ ከሰው ሰው እንደሚለያይ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሂምስወርዝ ያሳዩት ባንቲንግ ካረፉ ከ58 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በቺካጎ ኢርቪንግ ስታይንና ማይክል ሌቨንታል የተባሉ ሐኪሞች የወር አበባቸው የተዛባና እንቁልጢያቸው በፈሳሽ ከረጢቶች የተሞላ ሰባት ሴቶችን ታሪክ መዝግበው አሳትመዋል። ሁለቱ ግኝቶች ግን ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ቆዩ። በፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮምና በደም ውስጥ ባለ ከፍተኛ የኢንሱሊን መጠን መካከል ያለው ትስስር በጥናት የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ሲበዛ እንቁልጢ የወንዴ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመነጭ ይገፋፋል፤ የወር አበባ መዛባት፣ በፊት ላይ ፀጉር መብቀልና የመፀነስ ችግር የሚከተሉትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ አሥር ሴቶች አንዷን ያህል ያጠቃል።

የባንቲንግ ታሪክ ለእነዚህ ሴቶች ያለቀለት ማዘዣ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። እርሳቸው ወንድ፣ በዕድሜ የገፉ፣ ሐኪም በቅርብ የሚከታተላቸው ሰው ነበሩ። በየዕለቱ ያወራርዱት የነበረው ወይን ጠጅና ከመኝታ በፊት የሚጎነጩት አረቄም የሚመከር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም የሕክምና መመሪያም አንድ የአመጋገብ ዓይነት ከሌሎቹ እንደሚበልጥ የሚያሳይ ማስረጃ አለመኖሩን አስፍሯል። በተለይ ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ካርቦሃይድሬት በድንገት ሲቀንሱ የደም ስኳራቸው ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል፣ ለውጡን ከመጀመራቸው በፊት የጤና ባለሙያ ማማከር ይኖርባቸዋል።

ባንቲንግ ግን በራሳቸው ሰውነት ላይ ያዩት ለውጥ አስደናቂ ነበር። በአንድ ዓመት ገደማ 46 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 21 ኪሎ ግራም ቀነሱ፤ የወገባቸው ዙሪያም 31 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠበበ። ደረጃ ፊት ለፊት መውረድ ቻሉ፣ ጉልበታቸው ላይ የሚጠቀልሉትን ጨርቅ ጣሉ፣ የመስማት ኃይላቸውም ተመለሰ። ይህን ለሌሎች ሳይነግሩ መቅረት እንደማይገባ በማመን እ.ኤ.አ. በ1863 ስለ ውፍረት ለሕዝብ የተጻፈ ደብዳቤ የሚል አነስተኛ መጽሐፍ በራሳቸው ወጪ አሳትመው በነፃ አደሉ። ፈላጊው ሲበዛ በቀጣዩ ዓመት ለሽያጭ አቀረቡት፤ ከ60 ሺህ በላይ ቅጂዎች ተሰራጩ፤ ትርፉንም ለበጎ አድራጎት ሰጡ። ጽሑፉ ወደ ፈረንሳይኛና ወደ ጀርመንኛ ተተረጎመ።

የሕክምናው ማኅበረሰብ አቀባበል ግን መልካም አልነበረም። ሐኪም ያልሆነ ሰው ስለ ሕክምና መጻፉ ብዙዎችን አስቆጣ፤ ታዋቂ የሕክምና መጽሔቶችም ተሳለቁባቸው። ሃርቪም የነቀፌታው ተካፋይ ሆኑ። ከተቺዎቹ መካከል ግን ተገቢ ጥያቄ ያነሡ ነበሩ፤ የአንድ ሰው ተሞክሮ ለሁሉም እንደሚሠራ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ባንቲንግ ለትችቱ በቁጣ አልመለሱም፤ በኋላ ባሳተሟቸው እትሞች ከአንባቢዎች የደረሷቸውን ደብዳቤዎች በማካተት ማስረጃቸውን ለማስፋት ሞከሩ። ሃርቪ ደግሞ ሐሳቡን በሕክምና ቋንቋ አብራርተው እ.ኤ.አ. በ1872 የራሳቸውን መጽሐፍ አወጡ።

ዊሊያም ባንቲንግ የቀነሱትን ክብደት ሳይመልሱ ኖረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1878 በ81 ዓመታቸው በለንደን ዐረፉ። ስማቸው በሕይወት እያሉ በእንግሊዝኛ ክብደት መቀነስ የሚል ትርጉም ያለው ግሥ ሆኖ ነበር። በስዊድንኛም ክብደት ለመቀነስ ምግብን መምጠን እስከ ዛሬ ባንታ ይባላል።