ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እና የአቡጀዲ መንገድ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን በጅቡቲ ወደብ በኩል ደጋግመው ያለፉ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ታሪክ ልናካፍላችሁ ወደናል። ብላቴን ጌታ ኅሩይን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በደራሲነታቸው ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናነሣው ብዙ የማይወራለትን ጉዳይ ነው። ይኸውም በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ሕዝባችን ይለብሰው የነበረውን ጨርቅ ወደሚሠራው አገር ያደረጉት ጉዞና ያን ጨርቅ የሚሠሩት ሰዎች ኑሮ ነው። ዓመታቱን የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በጽሕፈት ሥራ ቤተ መንግሥቱን ማገልገል ጀመሩ። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላኩት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ገና አዲስ አበባ አልደረሰም፤ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓን ጎበኙ። የቤተ ክህነት ልጅ ሆነው ሳለ የውጭውን ዓለም በዓይናቸው ያዩ፣ ያዩትንም ለሕዝቡ በአማርኛ ጽፈው ያሳተሙ ሰው ነበሩ። ወዳጄ ልቤና አዲስ ዓለም የተባሉት መጻሕፍታቸው ዛሬም ይነበባሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ።

ይህን ሹመት የያዙበት ጊዜ ግን ዓለም የተጨነቀበት ነበር። በ1922 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ የጀመረው ድቀት ወዲያው ወደ እኛም ደረሰ። የቡና ዋጋ ወደቀ። የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወርድ አገራችን የምትገበያይበት ጠገራ ብርም አብሮ ረከሰ። ስለዚህ ገበሬው ቡናውን በርካሽ እየሸጠ፣ በባሕር የሚመጣውን ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ አቅም አጣ። በባሕር ከሚመጣው ዕቃ ደግሞ ዋነኛው ጨርቅ ነበር። እናቶቻችን ጥጥ ባዝተው በእንዝርት ይፈትሉ፣ ሸማኔውም ይሠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለዕለት ልብስ ሕዝቡ የለመደው አቡጀዲን ነበር። ይህ ጨርቅ በመርከብ ጅቡቲ ይወርድና በባቡር ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ከዚያም በሕንድና በሌሎች ነጋዴዎች እጅ በየገበያው ይበተናል። ቀድሞ አቡጀዲ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር። በ1920ዎቹ ግን የጃፓኑ በርካሽነቱ ሌላውን ሁሉ ገፍቶ ገበያውን ያዘው።

ኢትዮጵያና ጃፓን ኅዳር 6 ቀን 1923 ዓ.ም. የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ አርአያ አበበንና አቶ ዳባ ብሩን ከያዘ የመልእክተኞች ቡድን ጋር ወደ ጃፓን ተጓዙ። በክብር ተቀበሏቸው፤ ከተሞችንና ፋብሪካዎችን አሳዩአቸው። ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ልማዷንና ዙፋኗን ሳትጥል በአጭር ዘመን በሥራና በትምህርት ያደገችው አገር እጅግ አስደነቀቻቸው፤ ለኢትዮጵያም ምሳሌ ትሆናለች ብለው አመኑ።

ለመሆኑ ያ በርካሽ የሚደርሰን ጨርቅ በማን እጅ ነበር የሚሠራው? በጃፓን የጥጥ ፋብሪካዎች ከሠራተኛው አብዛኛው ሴት ነበር፤ ይልቁንም ገና ያላገቡ የደሃ ገበሬ ልጆች ነበሩ። ሠራተኛ መልማዩ ወደ ገጠር ሄዶ ለአባትየው ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል፤ ልጅቱ በፋብሪካው ግቢ እያደረች ያን ዕዳ ከደመወዟ ትከፍላለች። ከግቢው መውጣት በፈቃድ ነበር። በጥጥ ብናኝ በታፈነ ክፍል ውለው በተጨናነቀ ቤት የሚያድሩት እነዚህ ልጆች በሳንባ ነቀርሳ ብዙ ተጎድተዋል። በ1921 ዓ.ም. የሴቶች የሌሊት ሥራ በሕግ ሲከለከል ጥቂት ዕረፍት አገኙ። ዳሩ ግን ባለ ፋብሪካዎቹ በሌላ በኩል አንዲት ልጅ የምትጠብቃቸውን ማሽኖች ቁጥር ጨመሩባቸው።

ድቀቱ ሲመጣ ችግሩ ከፋብሪካው አልፎ ቤተሰቡን ያዘ። አሜሪካ የምትገዛው ሐር ዋጋው ሲወድቅ፣ ትል አርብቶ ይኖር የነበረው ገበሬ ባዶ እጁን ቀረ። በዚያው ጊዜ ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀነሱ፤ ልጆቹም ወደተራቡት ወላጆቻቸው ተመለሱ። በ1922 ዓ.ም. ካኔቦ በተባለው ትልቅ ኩባንያ የደመወዝ ቅነሳን ተቃውመው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ጃፓንን በጎበኙበት ዓመትም በሰሜኑ ክፍል ሰብል ተበላሽቶ፣ ገበሬው ሴት ልጁን እስከ መሸጥ ደርሶ ነበር።

ታኅሣሥ 1924 ዓ.ም. ላይ የጃፓን መንግሥት ገንዘቡን ከወርቅ ጋር ያስተሳሰረበትን ሥርዓት ተወ። በአንድ ዓመት ውስጥ የን ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ፤ ለውጭ ገዢ የጃፓን ጨርቅ እንደገና ረከሰ። ብዙም ሳይቆይ ጃፓን የጥጥ ጨርቅ ወደ ውጭ በመላክ እንግሊዝን በለጠች። በእንግሊዝ የላንካሻየር ሸማኔዎችም ፋብሪካቸው እየተዘጋ ከነቤተሰባቸው የሥራ አጥ ድጎማ ጠባቂ ሆኑ። እንግዲህ አንዱ አቡጀዲ የሦስት አገር ድሆችን አገናኝቶ ነበር ማለት ነው፤ በርካሽ የሠራችውን፣ ሥራ ያጣውንና ለብሶ የተሸፈነውን።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከጃፓን ወዳጅነት ተስፋ ያደረጉት አልተፈጸመም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ጣሊያን ወረረን። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ሲነሡ ሚኒስትራቸውም አብረው ነበሩ። ወደ ለንደን፣ ወደ አውሮፓና ወደ ጃፓን በክብር ያለፉበትን የጅቡቲን መንገድ አሁን በስደት አለፉበት። ጃፓንም በ1929 ዓ.ም. የጣሊያንን ወረራ አውቃ ተቀበለች። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በአገር ቤት በጣሊያኖች እጅ ተገደለ። እሳቸውም በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። የአገራቸውን ነፃነት ለማየት አልታደሉም።

ከጦርነቱ በኋላ ግን አገራችን ጨርቋን በፋብሪካ መሥራቷ እየሰፋ ሄደ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ዘመድ ያለን በድሬዳዋ፣ በጣሊያን ዘመን የተተከለው የጥጥ ፋብሪካ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፤ በኋላም የጃፓን ኩባንያ ገንዘብና ባለሙያ ገባበት። ብላቴን ጌታ ኅሩይ በሕይወት ኖረው ቢያዩት ምን ያህል ደስ ባላቸው እንላለን።

እኛ ዛሬ የምንኖረው በዚያው መንገድ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የባቡር መስመር መንገደኛውን ናጋድ ጣቢያ ያደርሰዋል፤ ዕቃውም እንደ ድሮው ከወደቡ ወደ ደጋ ይወጣል። ከእኛም ውስጥ ዕቃ በማውረድና በመጫን፣ በሹፌርነት፣ በሰው ቤት ሥራና በንግድ ቤተሰብ የምናስተዳድር ሞልተናል። ከአገሯ ርቃ ሠርታ ለወላጆቿ ገንዘብ የምትልክን ልጅ ኑሮ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

ስለዚህ ልጆቻችን የብላቴን ጌታ ኅሩይን ስም በደራሲነት ብቻ ሳይሆን፣ አገር በሥራ እንደምታድግ በማመናቸውም እንዲያስታውሱት እንሻለን። ከዚያ ጋር ደግሞ እሳቸው ያደነቁትን ዕድገት በጉልበታቸው የተሸከሙትን ስማቸው ያልተጻፈ ሴቶች ልጆች እንዲያስቡ እንሻለን። ርካሽ ዕቃ ስንገዛ ቀሪውን ዋጋ የከፈለ ሰው አለና። ማኅበራችንም የቆመው ለዚሁ ነው፤ ከመካከላችን ማንም ሠርቶ ሳለ ብቻውን እንዳይቀር፣ ታሞ ጠያቂ፣ ሞቶም ቀባሪ እንዳያጣ።

እግዚአብሔር የብላቴን ጌታ ኅሩይን ነፍስ በገነት ያኑርልን። እንኳን ለኢዮቤልዩ በዓላችን በሰላም አደረሳችሁ።