የአርጎን ጋዝ ፈላጊ ሰር ዊሊያም ራምሴ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ እንዲሁም በመላው ዓለም በሚተነፈሰው አየር ውስጥ ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ አርጎን የተሰኘ ጋዝ ይገኛል። ይህን ጋዝ እ.ኤ.አ በ1894 ከሎርድ ሬይሊ ጋር በመሆን ለዓለም ያስተዋወቁት ብሪታንያዊው ኬሚስት ሰር ዊሊያም ራምሴ ናቸው።

ራምሴ እ.ኤ.አ በ1852 በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ተወለዱ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በፕሮፌሰርነት ሲያገለግሉ በ1895 ሂሊየምን ከዩራኒየም ማዕድን ለይተው ያወጡ ሲሆን፣ በ1898 ደግሞ ከሞሪስ ትራቨርስ ጋር ኒዮንን፣ ክሪፕቶንንና ዜኖንን አግኝተዋል። በ1904ም የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ራምሴ አርጎንን ከሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ለማዋሃድ ደጋግመው ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። በመሆኑም ጋዙ በግሪክኛ ሥራ ፈት የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ተሰጠው።

ሳይንቲስቱ በ1916 ካረፉ በኋላ የተካሄዱ ምርምሮች ግን ጋዙ ኤሌክትሮን አጥቶ አዮን ሲሆን ጠባዩ ፈጽሞ እንደሚለወጥ አረጋግጠዋል። የአርጎን አዮን ከውሃ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ከሃይድሮጅን ሞለኪውል ደግሞ አንዱን አቶም ወስዶ አርጎኒየም የተባለ አዮን ይፈጥራል። ይኸው አዮን ክራብ ኔቡላ በተሰኘው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ውስጥ መኖሩ በ2013 ይፋ ሆኗል።

ራምሴ ሙከራቸው ያልሰመረ መሆኑን ሳይሸሽጉ ማሳወቃቸው፣ ተከታዮቻቸው ምርምሩን ከየት መቀጠል እንዳለባቸው አመላክቷል።