ፕሮፌሰር ኒኮላይ ቫቪሎቭና የአርሶ አደሩ ዘር

በደሴ ዙሪያ ደጋ የሚዘራው ገብስም ሆነ በኮምቦልቻ ዙሪያ የሚዘራው ማሽላ ዓይነቱ ብዙ ነው። የዚህን ብዛት ጥቅም ቀድመው ከተረዱት የሳይንስ ሰዎች አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነበሩ።

ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1887 ሞስኮ ተወለዱ። የአገራቸው ሕዝብ በረሃብ ሲጠቃ በማየታቸው ሰብልን ማጥናት የሕይወታቸው ሥራ አደረጉት። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኙ፤ በበቅሎ እየተዘዋወሩም የስንዴ፣ የገብስና የጤፍ ዘር ሰበሰቡ። ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል መገኛዎች አንዷ አድርገው መዘገቡ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዘር ብዛት ምን እንደሚጠቅም ይበልጥ አብራሩ። አሲዳማ በሆነ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ጫፍ ይጎዳል። አንዳንድ የስንዴ፣ የገብስና የማሽላ ዝርያዎች ግን ከሥራቸው በሚያመነጩት አሲድ አሉሚኒየሙን እዚያው አፈር ውስጥ አስረው ያስቀሩታል። ገብስ ደግሞ ሥሩ በሚያወጣው ሌላ ንጥረ ነገር ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውን ብረትና ዚንክ አላቆ ይወስዳል። ይህ ችሎታ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ዝርያው ከጠፋ ችሎታውም አብሮ ይጠፋል።

ቫቪሎቭ በ1940 በስታሊን መንግሥት ታሰሩ፤ በ1943ም ሳራቶቭ እስር ቤት ውስጥ በረሃብ ተጎድተው አረፉ። ሌኒንግራድ በጠላት በተከበበችበት ጊዜም በርካታ ባልደረቦቻቸው በአደራ የያዙትን ዘር ሳይነኩ በረሃብ ሞቱ።

ምርጥ ዘርና ኖራ ጥቅማቸው የታወቀ ነው። ይሁንና ከአባት የተረከቡትን ዘር ሳይቀላቅሉ በትንሽ ማሳ እየዘሩ ለልጅ ማቆየት፣ ቫቪሎቭ ሕይወታቸውን የሰጡለትን አደራ መጠበቅ ነው።