ፐርሲ ጁሊያንና የአኩሪ አተሩ ሆርሞን

አያቱ ባሪያ ነበሩ። ፐርሲ ጁሊያን በ1899 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ ሲወለድ ለጥቁር ልጆች የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በከተማው አልነበረም። ስለዚህ እንደኛው መምህራን ማሠልጠኛ ገባ። ዲፓው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ የጎደለውን ትምህርት ከኮሌጁ ጋር ደርቦ ተማረ፤ በ1920 ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። ዶክትሬቱን ግን ያገኘው ቪየና ድረስ ሄዶ፣ በ1931 ነው።

ዋናው ነገር አኩሪ አተሩ ነው። ፕሮጄስትሮን ማህፀንን ለፅንስ የሚያዘጋጅ፣ እርግዝናን የሚጠብቅ ሆርሞን መሆኑን በባዮሎጂ ተምረናል። ያኔ ከታረደ አሳማ እንቁልጢ በጥቂቱ ይወጣ ስለነበር ዋጋው አይቀመስም። ጁሊያን ቺካጎ፣ ግሊደን ኩባንያ ሲሠራ አንድ ትልቅ የአኩሪ አተር ዘይት ማጠራቀሚያ ውኃ ገባበትና ነጭ ነገር ረጋበት። ሌላ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ይደፋው ነበር! እሱ ግን ስቲግማስቴሮል መሆኑን ለየ፤ ቀድሞ በምዕራብ አፍሪካው የካላባር ባቄላ ላይ ሲመራመር ያውቀዋላ። ከዚያ ተነስቶ በ1940 ፕሮጄስትሮንን በብዛት ማምረት ቻለ፤ ዋጋውም ወረደ።

ታዲያ ይኸው ሰው በ1950 ኦክ ፓርክ ቤት ቢገዛ ገና ሳይገባበት ሊያቃጥሉት ሞከሩ፤ በዓመቱ ዲናሚት ወረወሩበት። ቤቱን አልለቀቀም። በ1975 ሞተ።

ዛሬ በላብራቶሪ የተፀነሰ ሽል ማህፀን ሲገባ ለእናትየዋ ፕሮጄስትሮን ይሰጣታል። በአገራችን ልጅ ሲጠፋ ጥፋቱ በሴቷ ላይ ይላከካል፤ ገንዘብ ያለው ከቦሌ ተነስቶ ውጭ አገር ይታከም ነበር። በ2019 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሕክምናውን በመንግሥት ተቋም ጀመረ።