ቪለም አይንቶቨን፤ የልብን ምት በመስመር ያስነበቡ ሊቅ

ዛሬ በየሆስፒታሉ የበሽተኛውን እጅና እግር ከመሣሪያ ጋር አያይዞ የልቡን ምት በወረቀት ላይ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። በመስመሩ ላይ የሚወጡትንና የሚወርዱትን ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ብሎ መጥራትም ለማንኛውም የሕክምና ተማሪ የፊደል ያህል የታወቀ ነው። ስሞቹን ያወጡትና ከሁሉም በላይ ያ መስመር የሚታመን እንዲሆን የደከሙት ሰው ሆላንዳዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቪለም አይንቶቨን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አይንቶቨን ሜይ 21 ቀን 1860 በዚያን ጊዜ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው በጃቫ ደሴት፣ ሴማራንግ በተባለች ከተማ ተወለዱ። ሐኪም የነበሩት አባታቸው የሞቱት እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። እናታቸውም በ1870 ስድስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሆላንድ ተመለሱና በዩትሬክት ከተማ ኑሮ መሠረቱ። ወጣቱ አይንቶቨን በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማሩ ስፖርት ወዳድ ነበሩ። አንድ ጊዜ ወድቀው የእጃቸው አንጓ በተሰበረ ጊዜ፣ የሕመሙን ወራት በክንድ እንቅስቃሴ ላይ ጥናት ለመጻፍ ተጠቀሙበት። በ1885 የዶክተርነት ማዕረግ እንደ ተቀበሉም፣ ገና በ25 ዓመታቸው በላይደን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ።

በ1887 እንግሊዛዊው ኦገስተስ ዎለር የሰውን ልብ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከሰውነት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርጸው ነበር። አይንቶቨንም ይህንኑ ሙከራ በ1889 በባዝል በተደረገው የፊዚዮሎጂ ሊቃውንት ጉባኤ ተመለከቱ። ዎለር የተጠቀሙበት መሣሪያ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ውስጥ ያለ ሜርኩሪ ከፍና ዝቅ እያለ ኤሌክትሪክን የሚያመለክትበት ነበር። ሜርኩሪው ግን ከባድና ዘገምተኛ በመሆኑ ፈጣኑን የልብ ሞገድ ሊከተል አልቻለም። ስለዚህ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው መስመር የልብ ብቻ ሳይሆን የመሣሪያው ጉድለትም ጭምር ነበር። አይንቶቨን የሜርኩሪውን ጠባይ አጥንተው በሒሳብ ስሌት ትክክለኛው መስመር ምን ሊመስል እንደሚገባ አወጡ። ዛሬ የምንጠቀምባቸውን አምስት ፊደላት በ1895 የሰጡትም ለዚህ በስሌት ለተገኘው መስመር ነው።

ይሁን እንጂ የልብ ምት ሥርዓት መዛባት የሚታወቀው ብዙ ምቶችን ተከታትሎ በማነጻጸር ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ምት በስሌት እያረሙ በሽተኛን መመርመር የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ አይንቶቨን በራሱ እውነቱን የሚጽፍ መሣሪያ ለመሥራት ተነሡ። በ1901 መግለጫው የወጣው የክር ጋልቫኖሜትር፣ ብር የተቀባ እጅግ ቀጭን የኳርትዝ ክር በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ማግኔት መካከል የተወጠረበት ነበር። የልብ ኤሌክትሪክ ክሩን ሲያንቀሳቅሰው፣ ጥላው በማይክሮስኮፕ ጎልቶ በሚንቀሳቀስ የፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ያርፋል። መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ለማንቀሳቀስም አምስት ሰዎች ያስፈልጉት ነበር። በአዲሱ መሣሪያ የተገኘው መስመር ቀደም ሲል በስሌት ከወጣው ጋር ሲተያይም አንድ ሆኖ ተገኘ።

መሣሪያውን ወደ በሽተኛ ማጓጓዝ ስለማይቻል፣ በ1905 አይንቶቨን በሆስፒታሉና በቤተ ሙከራቸው መካከል ባለው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ የስልክ ሽቦ አዘረጉ። በሽተኛው እጁንና እግሩን በጨው ውኃ ነክሮ በሆስፒታል ሲቀመጥ፣ የልቡ ምት በላይደን ቤተ ሙከራ ይጻፍ ጀመር። በ1906 ባሳተሙት ጥናት የላይኞቹና የታችኞቹ የልብ ክፍሎች ያለ መግባባት ለየራሳቸው የሚመቱበትን ሙሉ የልብ መተላለፊያ መዘጋት አሳዩ። ፒ ሞገድ የጠፋበትንና አር ሞገዶች ያለ ሥርዓት የሚራራቁበትን ምትም በዚያው አቀረቡ። የዚህ የኋለኛው ትርጉም፣ ይኸውም የላይኞቹ ክፍሎች መርገብገብ መሆኑ፣ ግልጽ የሆነው ግን በ1909 በለንደን ቶማስ ልዊስ፣ በቪየና ደግሞ ሮትበርገርና ዊንተርበርግ ባደረጉት ምርምር ነው። እውነተኛው መስመር በእጅ ላይ ነበር፤ የጎደለው አንባቢ ነበር።

አይንቶቨን ይህን አልካዱም። በ1924 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው፣ በኋላ ባደረጉት ንግግር ልዊስ ያበረከቱትን ድርሻ በይፋ አመሰገኑ። ከዚያ አስቀድሞም በ1913 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሦስቱን የእጅና የእግር መስመሮች የሚያዛምደውን እኩል ጎን ሦስት ማዕዘን አሳትመው ነበር። 1 ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር ከፍታ፣ 1 ሚሊሜትር ርዝመትም 0.04 ሴኮንድ እንዲሆን የተደነገገውም ከእሳቸው የመጣ ልማድ ነው። በሴፕቴምበር 1927 በ67 ዓመታቸው በላይደን አረፉ።

ዛሬ መሣሪያው በኪስ እስከ መያዝ ደርሷል፤ የምቱን ስም ራሱ ጽፎ የሚያወጣም አለ። ሆኖም የአይንቶቨን ሕይወት የሚያስተምረው ሥርዓት አልተለወጠም። በመጀመሪያ መስመሩ በትክክል መጻፉን፣ የወረቀቱን ፍጥነትና የሞገዱን ልክ ማረጋገጥ፤ ቀጥሎ ፒ ሞገድን ፈልጎ ከአር ጋር ያለውን ዝምድና መመልከት፤ የምቶቹን ርቀት ማመዛዘን፤ ለበሽታው ስም መስጠት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚዘል ሐኪም፣ የመሣሪያውን ስሕተት የበሽተኛው ልብ ሕመም አድርጎ ሊያክም ይችላል።